የማኅበረሰብ አነስተኛ የውኃ ኃይል በኔፓል

የማኅበረሰብ አነስተኛ የውኃ ኃይል በኔፓል የገጠር ነዋሪዎች በራሳቸው ጉልበት፣ መዋጮና አስተዳደር በአቅራቢያቸው ካለ ጅረት የሚያመነጩት የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በዚህ ስም የሚጠሩት ጣቢያዎች በአብዛኛው ከ100 ኪሎዋት አይበልጡም። ሥራው የአካባቢ ፍትሕ ከሚባለው ሐሳብ ጋር በቅርብ ይያያዛል። የአካባቢ ፍትሕ ሁለት ዋና ጥያቄዎችን ያነሣል፦ ከተፈጥሮ ሀብት የሚገኘው ጥቅምና የሚመጣው ጉዳት ለማን ይደርሳል? ውሳኔውንስ የሚወስነው ማን ነው?

ታሪክ

የኔፓል የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ከካትማንዱ በስተደቡብ በምትገኘው ፋርፒንግ እ.ኤ.አ. በ1911 ተመረቀ። አቅሙ 500 ኪሎዋት ሲሆን የተሠራውም በዋናነት ለገዢው የራና ቤተሰብ ቤተ መንግሥቶች መብራት ለመስጠት ነበር። ከሂማላያ የሚወርዱ ብዙ ወንዞች ባሉበት አገር፣ የተራራ መንደሮች ከዚያ በኋላም ለብዙ አሥርት ዓመታት በላምባ ኩራዝና በማገዶ ኖረዋል።

መንደሮቹ ግን የውኃን ጉልበት ያውቁት ነበር። «ጋታ» የሚባለው ባህላዊ የውኃ ወፍጮ ለዘመናት እህል ሲፈጭባቸው ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በካትማንዱ ባላጁ ሠፈርና በቡትዋል ከተማ ያሉ ወርክሾፖች አነስተኛ የብረት ተርባይኖችን መሥራት ጀመሩ። ተርባይኑ መጀመሪያ የሚያገለግለው ለወፍጮ፣ ለሩዝ መፈልፈያና ለዘይት መጭመቂያ ነበር፤ በኋላ ጄኔሬተር ሲገጠምለት ማታ ማታ መብራት መስጠት ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የኤሌክትሪክ ሕግ ደግሞ እስከ 1,000 ኪሎዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ያለ ፈቃድ እንዲሠራ አደረገ።

የአሩን 3 ክርክር

በ1990ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት በምሥራቅ ኔፓል በአሩን ወንዝ ላይ 201 ሜጋዋት የሚያመነጭ ፕሮጀክት በዓለም ባንክ ብድር ሊገነባ አቀደ። ወጪው ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። ተቃዋሚዎች ይህን ያህል ገንዘብ በአንድ ሸለቆ ላይ ከማፍሰስ ይልቅ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ሊሠሯቸው የሚችሉ አነስተኛና መካከለኛ ጣቢያዎች ይሻላሉ ብለው ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ1994 አቤቱታቸውን ለባንኩ አዲስ መርማሪ ፓነል አቀረቡ፤ ፓነሉ ከተቋቋመ ወዲህ የመጀመሪያው አቤቱታ ይህ ነው። ባንኩም በነሐሴ 1995 ከፕሮጀክቱ ወጣ።

በቀጣዩ ዓመት መንግሥት የአማራጭ ኃይል ማስፋፊያ ማዕከልን አቋቋመ፤ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚደገፍ የገጠር ኃይል ልማት መርሐ ግብርም ተጀመረ። ይህ ሲባል ግን ትልቁ ሐሳብ ለዘለዓለም ተተወ ማለት አይደለም። አሩን 3 ከብዙ ዓመታት በኋላ በ900 ሜጋዋት ዕቅድ በሕንድ መንግሥታዊ ኩባንያ መገንባት ጀምሯል።

አሠራር

አነስተኛ ጣቢያ ትልቅ ግድብ አያስፈልገውም። ከጅረቱ የተወሰነው ውኃ በቦይ ተጠልፎ በተራራው ጎን ይሄድና በአንዲት ገንዳ ይጠራቀማል። ከዚያም በቁልቁል ቧንቧ ወርዶ ተርባይኑን ያሽከረክርና ወደ ወንዙ ይመለሳል።

የሚገኘው ኃይል በውኃው መጠንና በሚወርድበት ከፍታ ይወሰናል። ለምሳሌ በሴኮንድ 50 ሊትር ውኃ ከ40 ሜትር ከፍታ ቢወርድ ወደ 20 ኪሎዋት የሚጠጋ ጉልበት ይኖረዋል። በቧንቧ፣ በተርባይንና በጄኔሬተር የሚባክነው ሲቀነስ ግማሹ ያህል፣ ማለትም 10 ኪሎዋት ቢደርስ፣ ለእያንዳንዱ ቤት 100 ዋት ቢታሰብ 100 ቤቶችን ያዳርሳል።

ብዙ ሰው መብራት በሚያጠፋበት ሰዓት ተርባይኑ ከልክ በላይ እንዳይፈጥን፣ ትርፉን ኤሌክትሪክ ወደ ውኃ ማሞቂያ የሚልክ መቆጣጠሪያ ይገጠማል።

አስተዳደር

ወጪው ከመንግሥት ድጎማ፣ ከብድርና ከነዋሪው መዋጮ ይሸፈናል። ነዋሪው ብዙውን ጊዜ ቦይ በመቆፈር፣ ድንጋይ በመሸከምና የእንጨት ምሰሶ በማቅረብ ይሳተፋል። የገጠር ኃይል ልማት መርሐ ግብሩ ከየቤቱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አባል እንዲሆኑ ይጠይቅ ነበር፤ ወንዶችና ሴቶችም በተለያዩ ማኅበራት ይደራጁ ነበር። ማገዶ የሚለቅሙትና እህል የሚፈጩት በአብዛኛው ሴቶች በመሆናቸው ድምፃቸው በወንዶች እንዳይዋጥ ታስቦ ነው።

ጣቢያው ሥራ ከጀመረ በኋላ የመንደሩ ኮሚቴ ታሪፍ ይተምናል፣ ክፍያ ይሰበስባል፣ ለኦፕሬተሩም ደመወዝ ይከፍላል። ቦዩ ጠጥቶ ከሚያልፍበት መሬት ባለቤቶችና ውኃውን ለመስኖ ከሚፈልጉ ገበሬዎች ጋር የሚነሣውንም ክርክር የሚፈታው ይኸው ኮሚቴ ነው።

ጥቅምና ገደብ

ኤሌክትሪኩ የላምባን ወጪና ጭስ ይቀንሳል፤ ተማሪ ማታ እንዲያነብ፣ ወፍጮውም ያለ ናፍጣ እንዲሠራ ያስችላል። ነገር ግን 100 ዋት ምግብ አያበስልም። ስለዚህ የማገዶ ሸክምና የማድ ቤት ጭስ በብዙ ቤቶች ይቀራል። በበጋ ጅረቱ ሲቀንስ ኃይሉም ይቀንሳል፤ በዝናብ ወራት ደግሞ የመሬት መንሸራተት ቦዩን ይሰብራል። የ2015ቱ የመሬት መንቀጥቀጥም ብዙ ጣቢያዎችን ጎድቷል።

ዋናው መስመር ሲደርስ

ሌላው ፈተና የብሔራዊው መስመር መምጣት ነው። የተሻለ ኃይል ሲደርስ ደንበኞች ወደዚያ ይሄዳሉ፤ መንደሩ በላቡ የሠራው ጣቢያም ሊዘጋ ይችላል። ለዚህ አንዱ መፍትሔ ጣቢያውን ከመስመሩ ጋር አገናኝቶ ኤሌክትሪኩን መሸጥ ነው። በኑዋኮት አውራጃ የሚገኘው 23 ኪሎዋት የስያውሬብሁሚ ጣቢያ በ2018 ከብሔራዊው መስመር ጋር በመገናኘት የመጀመሪያው ሆኗል። ሌላው መንገድ ከ2003 ጀምሮ የተፈቀደው ነው፤ በዚህም የተደራጁ ማኅበረሰቦች ኤሌክትሪክ ከመንግሥት በጅምላ ገዝተው ራሳቸው ለነዋሪው ያከፋፍላሉ። በሁለቱም መንገድ የኃይሉ ምንጭ ቢለወጥም የመንደሩ ሰው በጉዳዩ ላይ የመወሰን ድርሻውን እንደያዘ ይቆያል።