የመንገደኞች በዓል

የጌታችን የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት ታሪክ የመንገደኞች ታሪክ ነው። አውግስጦስ ቄሣር ሕዝብ ሁሉ እንዲቈጠር ባዘዘ ጊዜ ጻድቁ ዮሴፍ እመቤታችንን ይዞ ከናዝሬት ወደ ቤተ ልሔም ወጣ። እረኞች የሌሊቱን ብርድ ሳይፈሩ ወደ ግርግሙ ገሠገሡ፤ ሰብአ ሰገልም በኮከብ እየተመሩ ከምሥራቅ መጡ። በዚህ ሁሉ ጉዞ መካከል ግን አንድ ያልተከፈተ ደጅ አለ። ከተማይቱ በእንግዳ ተሞልታ ነበርና ለዓለም ጌታ ማደሪያ ታጣለት። «ቦታ የለንም» ያለው ሰው ማን እንደ ሆነ ወንጌላዊው ሉቃስ አልጻፈልንም። በሩቅም በቅርብም ስንጓዝ ስለዚያ ሰው ብዙ ጊዜ አሰላስለናል። በመጨረሻ ያገኘነው ግን በባዕድ አገር ሳይሆን በገዛ ደጃችን ነበር።

በ1997 ዓ.ም. የነገረ መለኮት ተማሪዎች ሳለን የልደትን በዓል በላሊበላ ለማክበር ከአዲስ አበባ ተነሣን። እስከ ወልድያ በአውቶቡስ፣ ከዚያም እስከ ጋሸና በጭነት መኪና ሄድን። ከጋሸና በኋላ መኪና ስላጣን ከምእመናኑ ጋር ተቀላቅለን በእግር ተጓዝን። ስልቻቸውን በትከሻቸው ያነገቱ ሽማግሌዎች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ በምርኩዝ የሚራመዱ አሮጊቶች መንገዱን ሞልተውታል። በሶ ያለው በሶውን፣ ቆሎ ያለው ቆሎውን ያካፍላል። «የማን አገር ሰው ነህ?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ተካፍሎ ከተቀመሰ በኋላ ነበር።

ከከተማው መግቢያ ስንደርስ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ለብ ያለ ውኃ በገበቴ አቅርበው አገኘናቸው። የላስታ ሰው ለልደት የሚመጣውን ምእመን እግር አጥቦ የመቀበል ልማድ እንዳለው ሰምተናል፤ ነገር ግን እናት የምትሆን ሴት ከፊታችን ስትንበረከክ ባየን ጊዜ አፈርን። «እባክዎ እማማ፣ ይተዉ» ብለን እግራችንን ሰበሰብን። እርሳቸውም ቀና ሳይሉ፣ «ዝም በሉ ልጆቼ፤ እኔ የማጥበው የእናንተን እግር አይደለም፤ የእንግዳውን ነው» አሉን። ይህን ብለው አቧራችንን አጠቡ፤ ወደ ቤታቸውም አስገብተው በአንድ መደብ ላይ ስድስት ሆነን አሳደሩን። እርሳቸው የት እንዳደሩ ያወቅነው ጠዋት ነው። ከማጀቱ በር ሥር አጎዛ አንጥፈው ነበር።

በማግሥቱ በቤተ ማርያም ግቢ ቤዛ ኩሉን አየን። በዐለቱ ጫፍ ላይ የቆሙት ካህናት በመላእክት፣ ከታች ያሉት ደግሞ በእረኞች አምሳል ሆነው በከበሮና በጸናጽል ዝማሬውን ሲቀባበሉ ሰማይና ምድር የተገናኙ ይመስላል። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን እነዚያን ዐሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት ለማየት የመጡ የውጭ አገር ጐብኝዎች ፎቶግራፍ ያነሡ ነበር። እኛም ሕንፃው አስደንቆናል። ይሁንና ከሁሉ ይልቅ በልባችን የቀረው ያ የገበቴ ውኃ ነው።

በላሊበላ ከሚገኙት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ቤተ ልሔም ይባላል። በየአጥቢያችንም መሥዋዕቱ የሚዘጋጅበት ቤት ስሙ ይኸው ነው፤ ትርጓሜውም «የኅብስት ቤት» ማለት ነው። በየጊዜው ከዚያ ቤት ኅብስት ይዘን ለምንወጣ ለእኛ ለዲያቆናት፣ ስሙ የወጣበትን ከተማ ማየት የዘወትር ምኞታችን ነበር። ይህም ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2005 ዓ.ም. ሆነልን።

በኢየሩሳሌም ያረፍነው አፄ ዮሐንስ 4ኛ አስጀምረውት በአፄ ምኒልክ ዘመን በተፈጸመው በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳም አቅራቢያ ነው። በዋዜማው ከሌሎች ተሳላሚዎች ጋር የፍተሻውን ኬላ አልፈን ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ቤተ ልሔም ሄድን። የየአብያተ ክርስቲያናቱ አባቶች በሰልፍ ሲገቡ ሕዝቡ ተጋፋ፤ በዚህ መካከል ከባልንጀሮቻችን ተለየን። ያ ሳምንት በኋላ በኢየሩሳሌም በረዶ የጣለበት ብርቱ የዝናብና የነፋስ ሳምንት ነበር። ነጠላችን በስብሶ፣ ቋንቋውን ሳናውቅ፣ ከአንድ ሱቅ ጣራ ሥር ተጠግተን ቆምን።

ሱቁ ከወይራ እንጨት መስቀልና ምስል የሚቀርጹ የአንድ አረጋዊ ነበር። ወጥተው አዩንና «ሐበሽ?» አሉ። ራሳችንን ነቀነቅን። ወዲያው እጃችንን ይዘው አስገቡን፤ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጡን፤ ትኩስ ሻይና ግማሽ ዳቦ ሰጡን። በአንገታችን ያለውን ማተብ በጣታቸው ነክተው፣ ከሸሚዛቸው ሥር የራሳቸውን መስቀል አውጥተው አሳዩን። ከዚህ በቀር የተነጋገርነው ነገር የለም። ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ገበያው የሚደራበት ሰዓት ሆኖ ሳለ፣ ሱቃቸውን ቈልፈው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ አደረሱን። ገንዘብ ብንዘረጋላቸው እጃችንን መልሰው አጠፉት።

የዚያ ቤተ ክርስቲያን መግቢያ አጭርና ጠባብ ነው። በፈረስ ተቀምጠው የሚገቡትን ለመከልከል እንዲያንስ ተደረገ ይባላል። ባለጸጋም ሆነ ድኻ፣ ሊቅም ሆነ መሃይም፣ ወደ ልደቱ ዋሻ የሚደርሰው ጐንበስ ብሎ ነው። እኛም ጐንበስ ብለን ገባን። የዚያ ደጅ ትምህርት የገባን መስሎን ነበር፤ ዳሩ ግን አልገባንም።

በ2011 ዓ.ም. በልደት ዋዜማ በአዲስ አበባ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ወደ ማሕሌት ለመሄድ ከቤታችን ስንወጣ አንድ የገጠር ሽማግሌ ከበራችን ላይ ቆመው አገኘን። ጋቢ ለብሰዋል፤ ኮንጎ ጫማ ተጫምተዋል፤ በእጃቸው የተጣጠፈ ወረቀት ይዘዋል። «የኔ ጌታ፣ ይቺን ወረቀት ቢያነቡልኝ፤ ልጄን ፍለጋ መጥቼ ስልኳ እንቢ አለኝ» አሉን። እኛም፣ «አባቴ፣ ሰዓት ደርሶብናል፤ ከታች ያሉትን ባለ ሱቆች ይጠይቁ» ብለን አለፍናቸው። ወረቀቱን ለማንበብ የሚበቃው ጊዜ ከዚህ መልስ አይበልጥም ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ ማንበብ የተማርን፣ ማንበብም አገልግሎታችን የሆነ ሰዎች አንዲት መሥመር ማንበብ ከበደን።

በዚያች ሌሊት የልደቱ ነገር ሲነበብና ሲተረጐም መብራት ይዘን ቆመን ነበር። እመቤታችን ማደሪያ ያጣችበት ስፍራ ሲደርስ የሽማግሌው ወረቀት ታወሰን፤ ከዚያ በኋላ መብራቱ በእጃችን ከበደ።

ቅዳሴው አብቅቶ ሕዝቡ ሲሰናበት ወደ ደጀ ሰላሙ ወጣን። ሽማግሌው ከነዳያኑ መካከል ተቀምጠው ነበር። አንዲት ዓይነ ስውር እናት ሌሊቱን የብርድ ልብሳቸውን እኩሌታ አልብሰዋቸው ኖሯል። በፊታቸው መቆም አሳፈረን። እርሳቸው ግን ብድግ ብለው፣ «እንኳን አደረሰዎ» አሉን። ይቅርታ ስንለምናቸውም፣ «ምን አደረጉኝ? እንኳንም እዚህ አደርሁ፤ ቅዳሴ አገኘሁ» አሉ።

ወረቀቱን ተቀብለን አነበብነው። የተጻፈው ሰፈር የእኛው ሰፈር ነበር። የቤቱም ቍጥር ከእኛ በር ሦስተኛው ሆኖ ተገኘ። ይዘናቸው ሄድን። በሩን የከፈተችው ልጃቸው ራስዋ ነበረች፤ ለበዓሉ ልትጐዘጕዘው የያዘችው ቄጠማ ከእጇ ወድቆ ደጁ ላይ ተበተነ። እኛም ከዚያ በላይ መቆም አልቻልንምና ተመለስን።

የምእመናን አባት አብርሃም ከድንኳኑ ደጅ ተቀምጦ መንገደኞችን በጠራ ጊዜ ሥላሴን እንደ ተቀበለ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። የመጡትን ማንነት አስቀድሞ አልጠየቀም፤ ውኃ አመጣ፣ ኅብስትም አቀረበ። የላስታዋ እናት ይህን ፈጸሙ። የቤተ ልሔሙ አረጋዊ ቋንቋችንን ሳያውቁ ይህንኑ ፈጸሙ። ልብስ የሚለምኑት ዓይነ ስውር እናትም ልብሳቸውን ከፈሉ። መጻሕፍትን የተማርነው እኛ ግን አንድ በር ዘጋን። ወንጌላዊው ስሙን ያልጻፈው ሰው ማን ሊሆን እንደሚችል ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት ሥራ የበዛበት ሰው ነበር።

በዓል በመጣ ቍጥር ቤታችን ይጠረጋል፤ ዶሮው ይሠራል፤ ድፎው ይደፋል፤ በጥድፊያ የማይገባ ሰው የለም። ሆኖም መንገደኛው የሚመጣው በዚያው በጥድፊያው ሰዓት ነው። አንዱ ወረቀት ይዞ፣ አንዱ የታመመ ዘመዱን ለመጠየቅ፣ ሌላው ከተማውን ስላላወቀ ብቻ በራችንን ያንኳኳል። በእኛ ቤት ከዚያ ዓመት ወዲህ የዋዜማው ጸሎት ሳይጀመር አንድ ሰው ወደ ደጅ ወጥቶ ግራና ቀኙን አይቶ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ የሚቆም ሰው አይገኝም። ሆኖም እናያለን።

አምላካችን በዓሉን የሰላምና የፍቅር በዓል ያድርግልን፤ በመንገድ ያሉትንም በሰላም ያግባልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።