ጉልበት ለጨመረ መኪና ፍሪሲዮን ሲመረጥ

መኪናውን ቺፕ ያስነካ ሰው ስለ ቱርቦው ማውራት አይሰለቸውም። ስንት ባር እንደሚነፋ፣ የጭስ ማውጫው ስንት ኢንች እንደሆነ፣ ኮምፒውተሩን ማን እንደነካካለት ሁሉ ያጫውታል። ስለ ፍሪሲዮኑ ሲጠየቅ ግን «እሱ ደህና ነው መሰለኝ» ብሎ ያልፋል። ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት ግን በሙሉ ወደ ጎማው የሚደርሰው በሁለት ስስ የሸራ ገጾች በኩል ነው። እዚያ ላይ ካልተያዘ ቱርቦው የሚነፋው ለጭስ ነው።

ፍሪሲዮን ምን እንደሚሠራ መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ ያውቃል፤ ሸራ የለበሰው ዲስክ በቮላኖውና በፕሬዠር ፕሌቱ መሀል ተጨምቆ ይዞራል፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ይለቀቃል። ከዚያ በላይ አላብራራም።

ምሳሌ የማደርገው ሰባተኛውን ትውልድ ጎልፍ ጂቲአይ ነው፤ ሰው በየቀኑ ሥራ የሚሄድበት፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስበት፣ ግን ጉልበት የማይጠላ መኪና ስለሆነ። ባለ 2 ሊትሩ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ 350 ኒውተን ሜትር ቶርክ አለው፣ ያውም ከ1,500 ዙር ጀምሮ። ኮምፒውተሩን ብቻ በማስተካከል፣ አንድ ቡሎን ሳይፈታ፣ ይህ ቁጥር ከ430 በላይ ይወጣል። ሞተሩ ይችለዋል፣ ካምቢዮውም ይችለዋል። ፋብሪካው ለ350 ያሰበው ፍሪሲዮን ግን ብዙ ጊዜ እጁን ይሰጣል።

መንሸራተቱን የሚፈትሹት ሰዎች ደግሞ በተሳሳተ ቦታ ይፈትሹታል። በአንደኛ ማርሽ ጎማ ያስጮሁና «ያው ይይዛል!» ይላሉ። በአንደኛ ማርሽ ከፍሪሲዮኑ በፊት ተስፋ የሚቆርጠው ጎማው ነው። ፈተናው በአምስተኛ ወይም በስድስተኛ ማርሽ፣ በ2,500 ዙር አካባቢ፣ ዳገት ላይ ነዳጅ እስከ ወለሉ ሲረገጥ ነው። የዙር መቁጠሪያው ሽቅብ ሲዘል የፍጥነቱ ቀስት ባለበት ከቀረ ነገሩ አልቋል፤ ሽታው ከመምጣቱ በፊት እግርን ማንሳት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ስህተት ፍሪሲዮንን በፈረስ ጉልበት መግዛት ነው። ፍሪሲዮን የፈረስ ጉልበት አያውቅም፤ የሚያውቀው ቶርክን ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር 300 የፈረስ ጉልበቱን በ7,500 ዙር ሲሰጥ በዚያች ቅጽበት ፍሪሲዮኑን የሚጠመዝዘው 285 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ቱርቦ ያለው ያንኑ 300 በ4,750 ዙር ሲሰጥ ግን 450 ነው። «እስከ 400 ፈረስ ይችላል» ተብሎ ካርቶን ላይ የተጻፈ ፍሪሲዮን ቶርኩን ካልነገረን የነገረን ነገር የለም።

ስሌቱ ደግሞ ከባድ አይደለም። የሸራው የመያዝ አቅም፣ ፕሬዠር ፕሌቱ የሚጫንበት ኃይል፣ የዲስኩ አማካይ ሬዲየስና የገጾቹ ብዛት አንድ ላይ ይባዛሉ። ተራ ሸራ 0.3 ቢይዝ፣ ጫናው 7,000 ኒውተን፣ ሬዲየሱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ገጹ ሁለት ከሆነ፣ ውጤቱ 420 ኒውተን ሜትር ነው። ሞተሩ 350 ቢሰጥ ሃያ በመቶ መጠባበቂያ አለን ማለት ነው፤ 450 ቢሰጥ ግን ወድቀናል። መውጫው ከአራቱ ቁጥሮች አንዱን ማሳደግ ነው። ሬዲየሱ በቮላኖው ስፋት የተወሰነ ነው። ገጾቹን አራት ማድረግ፣ ማለትም ባለ ሁለት ዲስክ መግጠም፣ ድንቅ መፍትሔ ሆኖ ዋጋው ግን ያስለቅሳል። የቀሩት ጫናውና ሸራው ናቸው።

ጫናውን የሚሰጠው ሞላ ነው፤ እኔን ከመኪና ዕቃ ሁሉ የሚያስደንቀኝም እሱ ነው። ድያፍራም ሞላ ይባላል። የተጠቀለለ ሽቦ አይደለም፤ መሀሉ ክፍት የሆነ፣ ወደ ውስጥ ጣት ጣት እየሆነ የተሰነጠቀ፣ በትንሹ የጎበጠ ብረት ነው። መሠረቱ ፈረንሳዊው ዡልየን ቤልቪል በ1867 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት የጎበጠ ቀለበት ነው። መኪና ላይ በ1930ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ገባ፤ በአውሮፓ ደግሞ ሉክ የተባለው የጀርመን ድርጅት በ1965 ቡል ከተማ ተቋቁሞ ለፎልክስዋገን ቢትል ሠራው። ዛሬ በየመኪናችን ሥር ያለው እሱ ነው።

ጠባዩን ለመረዳት የዱቄት ወተት ጣሳ ክዳን በቂ ነው። የጎበጠውን መሀሉን በአውራ ጣት ሲጫኑት መጀመሪያ ይታገላል፤ ከአንድ ነጥብ በኋላ ግን ትግሉን ትቶ በቀላሉ ይሰምጣል። ድያፍራሙም እንዲሁ ነው፤ እየተጫኑት ሲሄዱ ኃይሉ ይጨምራል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ወዲያ ቢጫኑት ይቀንሳል። መሐንዲሶቹ አዲሱ ፍሪሲዮን ሲገጠም ሞላው ከጫፉ ወዲያ ማዶ፣ በሚቀንስበት በኩል እንዲቀመጥ ያደርጋሉ። ዲስኩ እየተበላ ሲሳሳ ፕሬዠር ፕሌቱ ወደ ቮላኖው ይጠጋል፣ ሞላው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ወደዚያ ጫፍ ማለት ነው። ስለዚህ ሸራው ሲሳሳ ጫናው ይጨምራል! ግማሽ ያለቀ ፍሪሲዮን ከአዲሱ የበለጠ ይጫናል። ጫፉን አልፎ መቀነስ ሲጀምር ሸራው ወደ መጨረሻው ተቃርቧል፤ ያኔም ቢሆን ጫናው አዲስ በነበረበት ልክ አካባቢ ነው። የድሮው የሽቦ ሞላ ይህን አይችልም፤ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር እየላላ ይሄዳል።

ከዚህ ስንት ነገር ይፈታል መሰላችሁ። «ፔዳሉ ከበደኝ፣ ዘይት ይጨመርልኝ» የሚል ሰው ሳይ፣ ምናልባት ሸራህ እያለቀ ነው እለዋለሁ። «ግማሹ ያለቀው ሲይዝልኝ ቆይቶ ያንኑ ዓይነት አዲስ ባስገጥም ተንሸራተተ» ብሎ ሻጩን የሚረግመውም መልሱ እዚሁ አለ፤ አዲሱ ሞላ ገና ከጫፉ ማዶ ነው፣ ሸራውም ገጹ አልለሰለሰም። ዲስክ ከአንዱ ሱቅ፣ ፕሬዠር ፕሌት ከሌላው እየገዛ የሚያጋባም ይስማ። ዲስኩ ከታሰበው ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢወፍር ሞላው ይበልጥ ወደ ደካማው በኩል ይገፋል፤ ጠንካራ ብሎ የገዛው ዕቃ ከፋብሪካው ያነሰ ሊይዝ ይችላል። ሁለቱ አንድ ላይ የተለኩ ናቸው፣ አንድ ላይ ይገዙ። ቮላኖ ቶርኖ ቤት ሲላክም፣ የፕሬዠር ፕሌቱ ሽፋን የሚታሰርበት ቦታና ሸራው የሚያርፍበት ገጽ ከፍታቸው የተለያየ ከሆነ፣ ሁለቱም እኩል መላጥ አለባቸው። አንዱን ብቻ ልጦ የሚመልስ ባለሙያ ሳያውቀው የሞላውን ኃይል ቀየረ።

ጫና የጨመረ ፕሬዠር ፕሌት ሲገዛ ደግሞ የጨመረው እንዴት እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። አንዱ መንገድ ሞላውን ማወፈር ነው፤ ፔዳሉ በዚያው መጠን ይከብዳል። 7,000ውን ወደ 9,000 ብናሳድግ አቅሙ 540 ኒውተን ሜትር ይሆናል፤ ለ450 ያው የሃያ በመቶ መጠባበቂያ ተመለሰ። ሌላው ሞላው የሚደገፍበትን ቀለበት ማንቀሳቀስ ነው፤ እግር ብዙም አይከብደውም፣ ፕሌቱ ግን ያነሰ ስለሚነሳ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ላይለቅ፣ ማርሽም ሊያስቸግር ይችላል። ከመጠን ያለፈ ጫና ሌላ ዕዳ አለው። ፔዳል በተረገጠ ቁጥር ያ ኃይል ክራንክሻፍቱን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ግፊቱን የሚሸከመው የሞተሩ ውስጥ ስስ ኩሽኔታ ነው። ለዕለት ጉዞ የሚሆን መኪና ላይ ለ800 ኒውተን ሜትር የተሠራ ሞላ መጫን ጥንካሬ አይደለም፤ ሞተር ላይ መፍረድ ነው።

«እስቴጅ» ስለሚባለው ነገር አጭር ነገር ልበል። እስቴጅ 1፣ 2፣ 3 የሚሉት ቁጥሮች መለኪያ አይደሉም፤ እያንዳንዱ አምራች እንደወደደ ይለጥፋቸዋል። የጃፓኑ ኤክሰዲ እስቴጅ 1 ሲል የተለመደ ኦርጋኒክ ሸራ፣ እስቴጅ 2 ሲል የብረትና ሴራሚክ ቁራጭ ነው። ሌላው ጋ እስቴጅ 2 ሙሉ ሸራ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የሐበሻ ጋራዥ ውስጥ ያገኘሁት ወጣት መኪናው ከቆመበት ሲነሳ እንደ ተመታ ይዘላል። ምን አስገጠምክ ብለው «ጋሼ፣ እስቴጅ 4 ነው እኮ!» አለኝ በኩራት። ባለ ስድስት ቁራጭ ሴራሚክ፣ መሀሉ ላይ የሚያለዝብ ሞላ የሌለው። የእሽቅድምድም ዕቃ ነው። እሱ ግን በየጠዋቱ በ495 አውራ ጎዳና መጨናነቅ ውስጥ ይነዳዋል። «ልጄ፣ ይህ እኮ የሚነክስ እንጂ የሚይዝ አይደለም» አልኩት። ተቀይሞኛል መሰለኝ።

ይህ ነው የሁሉም ሥር፦ ሰው በጣም የሚይዘው በጣም የሚቆይ ይመስለዋል። ሴራሚኩ ሙቀት ይችላል፣ ቮላኖውን ግን ይፈጫል፣ በዝግታ መልቀቅም አያውቅም። ኬቭላር ዕድሜው ረጅም ነው፤ አንድ ጊዜ በጣም ከጋለ ግን ገጹ እንደ መስታወት ይሆናል፣ ይዞታውም አይመለስም። ለዕለት መኪና የእኔ ምርጫ ሁሌም ሙሉ ገጹ የለበሰ ጥሩ ኦርጋኒክ ሸራ፣ መሀሉ ሞላ ያለው ዲስክ፣ ጫናው መጠነኛ የጨመረ ፕሬዠር ፕሌት ነው። የጎደለውን ጫናው ይሙላው እንጂ ሸራው አይነክስ።

ዕድሜውን የሚበላው ደግሞ አነሳሳችን ነው። መኪናው ከነአሽከርካሪው 1,450 ኪሎ ቢሆን፣ ሜዳ ላይ ተነስቶ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ በ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢለቀቅ፣ ሸራው ላይ የሚቀረው ሙቀት 5,600 ጁል ገደማ ነው። ነዳጅ አስጩኾ በ20 ኪሎ ሜትር ቢለቀቅ 22,400፣ ማለትም አራት እጥፍ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው። ዳገት ላይ ፍሬን መያዝ እያለ መኪናውን በግማሽ ፍሪሲዮን የሚያቆሙ፣ እግራቸውን ፔዳሉ ላይ የሚያሳርፉ ሰዎች ግን የጁል ስሌት አያስፈልጋቸውም፤ ተግሣጽ ነው የሚያስፈልጋቸው።

ቮላኖውን በተመለከተ፣ ጎልፉ ሁለት ክፍል ሆኖ በሞላ የተያያዘ ከባድ ቮላኖ አለው። ቀላል ጥርብ ብረት መተካት ይቻላል፤ ሞተሩ ቶሎ ይነሳል፣ ግን በዝግታ ሲዞር ካምቢዮው ይንኳኳል። ጤነኛ ከሆነ ባለበት ይቆይ።

ካምቢዮው ከወረደ በኋላ ጥቂት ብር አይቆጠብም። የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ መቀየር፣ ከክራንክሻፍቱ ኋላ ያለውን የዘይት ሲል ማየት፣ የሚያንጠባጥብ ከሆነ በዚያው መተካት ነው፤ አንድ ጠብታ ዘይት አዲሱን ሸራ ያበላሸዋልና። ከዚያ የመጀመሪያው 800 ኪሎ ሜትር በከተማ፣ ቆም ነሳ እያሉ፣ ቱርቦው ሙሉ ሳይነፋ ይነዳል። አውራ ጎዳና ላይ የተነዳ 800 ኪሎ ሜትር አይቆጠርም፤ ሸራው የሚለሰልሰው በመያዝና በመልቀቅ ነው፣ እዚያ ደግሞ ፔዳሉ አይነካም።