31 ጣትና የ2030 ጥምቀት

እስቲ ቀኝ እጅዎን ይጨብጡ። አውራ ጣትዎን 1፣ ሌባ ጣትን 2፣ የመሐል ጣትን 4፣ የቀለበት ጣትን 8፣ ትንሿን 16 ይበሏቸው። የቆመች ጣት ትቆጠራለች፤ የታጠፈች ዜሮ ናት። የቀለበት፣ ሌባና አውራ ጣት ሲቆሙ 8፣ 2 እና 1 ተደምረው 11 ይሆናሉ። ለመመለስ ደግሞ ከትልቁ ጀምሮ መቀነስ ነው፦ ከ11 ላይ 16 አይነሣም፣ ትንሿ ትታጠፍ፤ 8 ይነሣል፣ 3 ይቀራል፤ 4 አይነሣም፤ 2 ይነሣል፤ 1 ይነሣል። ኮምፒውተርም 11ን የሚይዘው እንዲሁ ነው፤ የቆመችውን 1፣ የታጠፈችውን 0 አድርጎ፣ 01011 ብሎ።

በለመድነው አቆጣጠር 10 ጣት እስከ 10 ያደርሳል፤ በዚህኛው የየጣቱን ዋጋ እጥፍ እያደረግን ከቀጠልን እስከ 1,023። ሦስት ሰዎች ጣታቸውን ቢያዋጡና አራተኛው አንዲት ቢጨምርላቸው ደግሞ 31 ጣት ይዘው እስከ 2,147,483,647 ይቆጥራሉ። ከሦስት ሰው እጅና ከአንዲት ጣት ሁለት ቢሊዮን!

በዚህ ልክ ጊዜን የሚቆጥሩ ማሽኖች አሉ። ዩኒክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓትና ተከታዮቹ ቀኑን የሚያውቁት ፈረንጆቹ 1970 ብለው ከጀመሩበት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ወዲህ ያለፉትን ሰከንዶች ቆጥረው ነው። ብዙዎቹ አሮጌ ማሽኖች ለዚህ የመደቡት 32 ቢት፣ በእኛ ቋንቋ 32 ጣት ነው፤ 31ዱ ለቁጥሩ፣ አንዱ ለመደመር ወይም ለመቀነስ ምልክቱ። በየሰከንዱ አንድ እየተጨመረ 31ዱም ጣቶች የሚቆሙት መቼ ነው? ቀኑን ወደ እኛ ዘመን አቆጣጠር ስመልሰው ክው አልኩ፤ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ታቦታቱ በባሕረ ጥምቀት አድረው፣ ጎህ ሲቀድ!

በቀጣዩ ሰከንድ 31ዱም ይታጠፉና 32ኛዋ ብቻዋን ትቆማለች። እሷ የዕዳ ጣት ናት፤ ዋጋዋ ከዜሮ በታች 2,147,483,648 ነው። ያልታረመ ማሽን ያን ዕዳ ከ1962 ላይ ወደ ኋላ ቆጥሮ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ላይ ያርፋል፤ አፄ ምኒልክ ዙፋን ላይ ወዳሉበት ዘመን።

መድኃኒቱ ጣት መጨመር ነው። አዳዲሶቹ ማሽኖች 64 ቢት ይመድባሉ። ለምልክቱ አንዱን ትተን የቀሩት 63 ጣቶች፣ ማለትም የስድስት ሰው እጅና ሦስት ጣት፣ 292 ቢሊዮን ዓመት ያህል ያስቆጥራሉ። በሳይንቲስቶች ስሌት የጽንፈ ዓለም ዕድሜ እንኳ ገና 13.8 ቢሊዮን ዓመት ያህል ነው።

የሚያሳስበኝ ከተተከለ ጀምሮ ማንም ነክቶት የማያውቀው አሮጌ መሣሪያ ነው። በመሥሪያ ቤትዎ እንዲህ ያለ ካለ፣ ቀኑን በስንት ቢት እንደሚቆጥር ባለሙያውን ዛሬ ይጠይቁት።