ናሙና አጨዳ፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ማሳዎች ዝርያን የማወዳደሪያ ዘዴ

ናሙና አጨዳ ከአንድ ማሳ ውስጥ በዕጣ የተመረጠች ትንሽ መደብ ለብቻዋ ታጭዳ፣ ተወቅታና ተመዝና የማሳው ምርት የሚሰላበት ዘዴ ነው። እንደ አሜሪካና አውስትራሊያ ባሉ አገሮች በጥጥ መልቀሚያ ማሽን ላይ የሚገጠመው የምርት መዳሰሻ በቱቦ ውስጥ የሚያልፈው ጥጥ የሚጋርደውን ብርሃን እየለካ የእያንዳንዱን ዝርያ ምርት ማሽኑ እየሄደ ይመዘግባል፤ ማሳው ጠባብና ተዳፋት፣ አጨዳውም በማጭድ በሆነበት በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ግን ይህንኑ ተግባር ገመድ፣ ችካልና ሚዛን ይፈጽሙታል።

አካባቢው ከጉና ተራራ ውርጭ እስከ በሽሎ ሸለቆ ቆላ የሚዘልቅ በመሆኑ፣ በአንዱ ቀበሌ የበለጠ ዝርያ በሌላው ሊሸነፍ ስለሚችል፣ ንጽጽሩ በየአየር ጠባዩ በገበሬው ማሳ ላይ መደረግ ይኖርበታል። በኢትዮጵያ ዕጩ ዝርያ ከመለቀቁ በፊት በምርምር ጣቢያና በገበሬ ማሳ፣ በ10 ሜትር በ10 ሜትር መደብ፣ ቀድሞ ከተለቀቀ ዝርያና ከአካባቢው ዘር ጎን ተዘርቶ የሚገመገመውም በዚህ ምክንያት ነው።

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ለዓመታዊ የግብርና ጥናቱ የተጠቀመበት የናሙና መደብ 4 ሜትር በ4 ሜትር፣ ማለትም 16 ካሬ ሜትር ነው። በዚህ ስፋት የተገኘ 1 ኪሎግራም እህል በሄክታር 6.25 ኩንታል ስለሚሆን፣ በሚዛን ላይ የሚፈጠር የ200 ግራም ስሕተት ብቻውን በሄክታር 1.25 ኩንታል ያዛባል። እርጥበትም እንዲሁ ያሳስታል፤ 4 ኪሎግራም ስንዴ 25 ኩንታል ቢመስልም፣ እርጥበቱ 20 በመቶ ከሆነና በተለመደው የ12.5 በመቶ መለኪያ ከተስተካከለ ወደ 22.9 ኩንታል ይወርዳል፤ በመሆኑም ዘግይቶ የሚደርስ ዝርያ በእርጥብነቱ ብቻ አሸናፊ ሊመስል ይችላል። የጥጥ መዳሰሻውም ቢሆን ለየዝርያው በሚዛን ካልተስተካከለ ተመሳሳይ ስሕተት ይፈጽማል።

ናሙና አጨዳ ጉልበት የሚጠይቅ ቢሆንም፣ ነዶው ከመወቃቱ በፊትም ከተመዘነ ለከብት መኖ የሚውለውን ገለባ ጭምር ያሳያል፤ መዳሰሻው ይህን አያደርግም። ስለዚህ አንድ ዝርያ በለጠ ሲባል፣ ከኩንታሉ ጋር የመደቡ ስፋት፣ የእርጥበቱ መጠንና የገለባው ክብደት አብረው ሊገለጹ ይገባል።