ከቢሮ ጠረጴዛ እስከ ልብ ወለድ ገጽ፦ የወንጀልና የፍቅር ደራስያን የዕለት ተዕለት ኑሮ

የወንጀል ምርመራ፣ የስለላና የፍቅር ልብ ወለድ ደራስያን ሕይወት እንደ መጽሐፎቻቸው ሁሉ በጀብዱና በምስጢር የተሞላ እንደሆነ በበርካታ አንባብያን ዘንድ ይታሰባል። በዘርፉ ስማቸው የገነነ የአንዳንድ ደራስያን የሕይወት ታሪክ የሚያሳየው ግን በመደበኛ ሥራ ተሰማርተውና ቤተሰብ እያስተዳደሩ፣ ለድርሰት የመደቡትን ሰዓት በጥብቅ በማክበር መጻፋቸውን ነው።

በዚህ ረገድ በቅድሚያ ሊጠቀሱ ከሚችሉት መካከል እንግሊዛዊቷ ፒ.ዲ. ጄምስ አንዷ ናቸው። እ.ኤ.አ በ1920 የተወለዱት ጄምስ በ16 ዓመታቸው ትምህርታቸውን ለማቋረጥ ተገደዋል። ሐኪም የነበሩት ባለቤታቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአእምሮ ሕመም ተይዘው በመመለሳቸው ሁለት ሴት ልጆቻቸውን የማሳደጉ ኃላፊነት በእርሳቸው ላይ ወድቋል። በዚህም የተነሳ የሆስፒታል አስተዳደር ሙያ ተምረው እ.ኤ.አ ከ1949 እስከ 1968 በለንደን በሆስፒታል አስተዳደር ሥራ ላይ ቆይተዋል።

ድርሰታቸውን የሚጽፉት በማለዳ፣ ወደ ቢሮ ከመሄዳቸው በፊት ነበር። በዚህ ሁኔታ የተዘጋጀው የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸው እ.ኤ.አ በ1962 ለኅትመት ሲበቃ ዕድሜያቸው 40 ዓመት አልፎ ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላም የመንግሥት ሠራተኝነት ፈተና አልፈው በብሪታኒያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የተቀጠሩ ሲሆን፣ በፖሊስና በወንጀል ሕግ ጉዳዮች ላይ እ.ኤ.አ እስከ 1979 አገልግለዋል።

የቢሮው ሥራ ጊዜያቸውን ቢሻማም የድርሰታቸው ምንጭ ሆኗል። እ.ኤ.አ በ1971 የታተመው ልብ ወለዳቸው በነርሶች ማሠልጠኛ፣ በ1977 የታተመው ደግሞ በፎረንሲክ ላቦራቶሪ የተፈጸመ ግድያን ይተርካሉ። የወንጀል ልብ ወለድ አሳማኝ የሚሆነው ማን ለማን ተጠሪ እንደሆነ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለና በሠራተኞች መካከል ምን ቅሬታ እንደተዳፈነ ደራሲው በሚገባ ሲያውቅ በመሆኑ የአስተዳደር ልምዳቸው በእጅጉ ጠቅሟቸዋል።

አጋታ ክሪስቲም በተመሳሳይ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወቅት በሆስፒታል የመድኃኒት ክፍል ሲሠሩ ስለ መርዝ ያገኙትን እውቀት እ.ኤ.አ በ1920 በታተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸው ተጠቅመውበታል። በፍቅር ልብ ወለድ የሚታወቁት ባርባራ ካርትላንድ በበኩላቸው ከሰዓት በኋላ ሶፋ ላይ ጋደም ብለው ለጸሐፊያቸው በቃል እየነገሩ በማስጻፍ ከ700 በላይ መጻሕፍት አበርክተዋል።

በአገራችንም ከመንግሥት ሥራ ጎን ለጎን ድርሰት የጻፉ አንጋፋ ደራስያን ይገኛሉ። በ1958 ዓ.ም የታተመው የ"ፍቅር እስከ መቃብር" ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገልግለዋል። ጋዜጠኛው በዓሉ ግርማ ደግሞ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ እስከመሆን ደርሰዋል።

ይሁንና ከሥራ የተገኘ እውቀትን ወደ ድርሰት መለወጥ ሁልጊዜ ያለ ዋጋ አይሆንም። በዓሉ ለሥራ ወደ አስመራ ተጉዘው የቀይ ኮከብ ዘመቻን በቅርብ ከተከታተሉ በኋላ ስለላንና ፍቅርን ያጣመረውን "ኦሮማይ" በ1975 ዓ.ም አሳትመዋል። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ እንዲሰበሰብ ሲደረግ ደራሲው ከሥራቸው ተሰናብተዋል። በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም ከቤታቸው እንደወጡ ደብዛቸው ጠፍቷል። ልብ ወለዱ ግን ከአራት አሥርት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አቀፍ አንባብያን ቀርቧል።

ጄምስና በዓሉ ሁለቱም ለልብ ወለዶቻቸው ግብዓት ያገኙት ከመንግሥት ሥራቸው ነበር። ጄምስ በ1979 በጡረታ ተሰናብተው ሙሉ ጊዜያቸውን ለድርሰት ሲያውሉ፣ በዓሉ ግን ከ"ኦሮማይ" በኋላ ሌላ ልብ ወለድ የማሳተም ዕድል አላገኙም። ይህም ደራሲ ለሥራው ማለዳ ተነስቶ የሚጽፍበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን፣ የጻፈውን ያለ ስጋት የሚያሳትምበት ሁኔታም እንደሚያስፈልገው ያስገነዝባል።