የመከላከያ ፕሮቲን በሰውነት ውስጥ የሚገኝበት ስፍራና ስለ ዝሆኔ በሽታ የሚሰጠው ትምህርት

ከደብረ ማርቆስ እስከ ሉማሜ በተዘረጋው ደጋ ለሚያስተምር መምህር፣ ዝሆኔ የሚለው ቃል ለተማሪዎቹ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሞ የወጣ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደንበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ነዋሪዎች መካከል 3.3 በመቶ የሚሆኑት በሽታው እንዳለባቸው አረጋግጧል። ሕመሙ ከአንድ ቤተሰብ በርከት ያሉ ሰዎችን ስለሚይዝ «የዘር በሽታ» ይባላል፤ በዚህም ምክንያት የበሽተኛው ልጆች ጭምር በጋብቻ ይገለላሉ። ይህን አስተሳሰብ ለማረም ኤች.ኤል.ኤ. የተባሉትን ፕሮቲኖች ማወቅ ይጠቅማል።

ሀ. ፕሮቲኖቹ የሚገኙበት ስፍራ

የእነዚህ ፕሮቲኖች ተግባር በሕዋስ ውስጥ ያለውን ነገር ቁራጭ ወደ ሕዋሱ ገጽ አውጥቶ ለመከላከያ ሕዋሳት ማሳየት ነው። ሁለት ዋና ዋና ክፍሎች አሏቸው። አንደኛው ክፍል ኒውክሊየስ ባለው ሕዋስ ሁሉ ላይ ለማለት ይቻላል፤ ኒውክሊየስ በሌለው ቀይ የደም ሕዋስ ላይ ግን የለም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ክፍል በጥቂት ሕዋሳት ላይ የተወሰነ ነው። እነርሱም ባዕድ ነገርን የሚውጡት ማክሮፋጆች፣ ቅርንጫፍ መሰል ቅርጽ ያላቸው ዴንድራይቲክ ሕዋሳት፣ ቢ የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳትና የታይመስ ዕጢ ልባስ ሕዋሳት ናቸው። በመሆኑም ይህ ፕሮቲን በደም ብቻ ሳይሆን በጣፊያ፣ በብብትና በብሽሽት ባሉት የሊምፍ ዕጢዎች፣ እንዲሁም ላንገርሃንስ በሚባሉት ሕዋሳት አማካይነት በቆዳ ውስጥ ይገኛል። ሌሎች ሕዋሳትም ብግነት በሚነሣበት ጊዜ ሊያወጡት ይችላሉ።

ለ. ከቀዩ አፈር ጋር ያለው ግንኙነት

ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ባካሄዳቸው ጥናቶች፣ ይህ ዓይነቱ ዝሆኔ በትንኝ ከሚተላለፈው የተለየ መሆኑንና ከእሳተ ገሞራ ዐለት ከተገኘ ቀይ አፈር ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። በባዶ እግር ቆዳ የሚገቡት ደቃቅ የማዕድን ብናኞች በማክሮፋጆች ይዋጣሉ፤ የሊምፍ ቧንቧዎች ይቆጣሉ፣ ይጠባሉ፣ እግርም ያብጣል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕሙማንንና 203 ጤነኞችን አነጻጽሮ፣ ተጋላጭነት ከሁለተኛው ክፍል ጂኖች ልዩነት ጋር እንደሚያያዝ አረጋገጠ። እንግዲህ አፈሩን የሚውጡት ማክሮፋጆች ሁለተኛውን ክፍል ፕሮቲን ከሚይዙት ሕዋሳት መካከል መሆናቸውን መምህሩ ልብ ይሏል።

ሐ. በክፍል ውስጥ ሊተኮርባቸው የሚገቡ ነጥቦች

አንደኛ፣ ከወላጅ የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን ተጋላጭነቱ ነው። ጂኑ ያለው ሰው እግሩ ከአፈሩ ከተጠበቀ አይታመምም። ሁለተኛ፣ በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለሆነም ሕመምተኛ ተማሪን ከሌሎች ለይቶ ማስቀመጥ ምክንያት የለውም። ሦስተኛ፣ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ በሽታውን ይከላከላል፤ የታመመውም በንጽሕና፣ በቅባት፣ በፋሻና በጫማ ይሻለዋል።

የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ስለ ሰውነት መከላከያ የሚሰጠውን ትምህርት በደም ሥዕል ብቻ ሳይወስኑ ቆዳንና የሊምፍ ዕጢን ቢጨምሩበት፣ ተማሪው በመጽሐፍ ያነበበውን በአካባቢው ከሚያየው ሕመም ጋር ለማገናዘብ ይችላል።