የቴምብሩ ወረቀት የሚመሰክረው፦ በአጥቢያ ሰነዶች ላይ የሚገኙ አሮጌ የቀረጥ ቴምብሮችን ስለ መመርመር

በአብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤት ውስጥ ከንዋያተ ቅድሳትና ከብራና መጻሕፍት ጎን የሽያጭ ውል፣ የኪራይ ስምምነት ወይም የስጦታ ደብዳቤ አይጠፋም። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጆች በፊት በተጻፉት ላይ የቀረጥ ቴምብር ተለጥፎ ይገኛል። ቴምብሩ በውሉ ላይ የተጣለው ቀረጥ መከፈሉን ያመለክታል፤ ይኸው ቀረጥ ኋላ በአዋጅ ቁጥር 110/1990 ተደንግጓል። የይዞታ ክርክር ሲነሣ ሰነዱ በእርግጥ በተባለው ዘመን መጻፉ ይጠየቃል። ያን ጊዜ ወረቀቱ ራሱ ምስክር ይሆናል።

አባቶች የብራናን የጠጉር ገጽ ከሥጋው ገጽ በጣታቸው ይለያሉ። ወረቀትም የራሱ ባሕርይ አለው። ሰነዱን ከመስኮት ብርሃን ትይዩ ይዞ መመልከት የመጀመሪያው ምርመራ ነው። አንዳንዱ ወረቀት ተቀራራቢ ቀጥታ መስመሮች ያሳያል፤ ሌላው መስመር የሌለው፣ ወጥ ነው፤ በአንዳንዱም እንደ ብር ኖት የውሃ ምልክት ይታያል። ነገር ግን ሁለት ወረቀቶች ተደራርበው ስለሚታዩ መሳሳት ቀላል ነው። መስመሩ ወይም ምልክቱ ከቴምብሩ ጠርዝ አልፎ የሚቀጥል ከሆነ የሰነዱ ወረቀት እንጂ የቴምብሩ አይደለም።

ቀጥሎ ብርሃኑን ከጎን ማብራት ነው። ነጭ ልባጥ ያለው ወረቀት ለስላሳ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ ልባጥ የሌለው ጭረቱ ይታያል። በአንዳንድ ቴምብር ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ጭረቶች ተበትነው ይገኛሉ፤ ይህም ማጭበርበርን ለመከላከል ከፋብሪካው የሚጨመር ነው። ልባጡን ለማወቅ በብር ቁራጭ የሚፈትኑ ቴምብር ሰብሳቢዎች አሉ፤ ጥቁር ጭረት ትቶ ስለሚያልፍ በቤተ ክርስቲያን ሰነድ ላይ ፈጽሞ አይደረግም።

ከሁሉ የሚጠቅመው ሱቆችና ባንኮች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት የአልትራቫዮሌት መብራት ነው። ወረቀትን የሚያነጣው ኬሚካል በፋብሪካዎች የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ስለዚህ በ1920ዎቹ ተለጠፈ የተባለ ቴምብር በጨለማ ክፍል ውስጥ በዚህ መብራት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ቢያበራ ጥርጣሬ ያስነሣል። ኋላ የተቀባ ሙጫም ሊያበራ ስለሚችል ግን ወረቀቱና ሙጫው ተለይተው ይታዩ። አለማብራቱም ጥንታዊነቱን አያረጋግጥም፤ ዛሬም ያለ ማንጫ የሚሠራ ወረቀት አለ። ወረቀት ዘመኑን ለመካድ እንጂ ለማጽናት አቅሙ ትንሽ ነው።

ዘመኑን የበለጠ የሚያጸናው በቴምብሩና በሰነዱ ላይ አንድ ላይ ያረፈው ማኅተም ወይም ፊርማ ነው። (በማኅተሙ ላይ ጨንቻ የሚል ቢነበብ አያስደንቅ፤ የጋሞ ጎፋ መቀመጫ ወደ አርባ ምንጭ ከመዛወሩ በፊት በዚያ ነበረ።) ቴምብሩ ለሽያጭም ሆነ ለማየት ከተላቀቀ ይህ ትስስር ይቋረጣል፤ ተመልሶ ቢለጠፍም አይጠገንም። በፕላስቲክ ማስለበጥም እንዲሁ ነው፤ ሙቀቱ ሙጫውን ይለውጣል፣ መርማሪውም ወረቀቱን ሊነካ አይችልም።

በቆላው በአርባ ምንጭ ምስጥ፣ በደጋው በጨንቻ እርጥበት ያስቸግራል። እርጥበት የቴምብሩን ሙጫ አላልቶ ሰነዶችን እርስ በርስ ያጣብቃል። እያንዳንዱ ሰነድ በየራሱ ንጹሕ የወረቀት ፖስታ ገብቶ፣ ስፒልና ስቴፕለሩ ወጥቶለት፣ ከወለልና ከግድግዳ ርቆ ይቀመጥ። የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ የፊቱንና የጀርባውን፣ እንዲሁም በብርሃን ትይዩ የሚታየውን ፎቶ አንሥቶ በንብረት መዝገብ ቁጥር ይስጠው።